የጡት ካንሰር ሕክምና ወጪ፦ የግል ሆስፒታል፣ ፕራይቬት ዊንግ ወይስ በጤና መድን የመንግሥት? እንዴት ይሰላል?

ኮዬ_ብሎክ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ፋርማሲስቶች፣ ሲስተሮችና የጤና መድን ሠራተኞች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

ታማሚዋ የባለቤቴ እናት ናቸው። 56 ዓመት፣ 58 ኪሎ፣ ቁመታቸው 160 ሴንቲ ሜትር። ስኳርም ግፊትም የለባቸውም። ግራ ጡታቸው ላይ ካለው እብጠት በወፍራም መርፌ ናሙና ተወስዶ "ኢንቬሲቭ ዳክታል ካርሲኖማ፣ ግሬድ 2" ተብሏል። ወረቀቱ ላይ ከዚህ ሌላ የተጻፈ ነገር የለም። ደረትና ሆዳቸው ሲቲ ስካን ታይቶ የተሠራጨ ነገር አልተገኘም። የሚኖሩት ሰበታ ነው፣ የጤና መድን ደብተራቸውም የዚያው ነው። አሁን ለሕክምናው እኛ ጋ ኮዬ ፈጬ መጥተዋል።

የቀረቡልን መንገዶች ሦስት ናቸው። የግል ሆስፒታሉ በዚህ ሳምንት ጡቱን አውጥቶ ኬሞውንም እዚያው በተመላላሽ እሰጣለሁ ብሏል፤ የነገረን ዋጋ የኦፕራሲዮኑንና "የአንድ ዙር ኬሞ" ነው። ሁለተኛው የመንግሥት ሆስፒታል ፕራይቬት ዊንግ (ከመደበኛ ሰዓት ውጪ በክፍያ የሚያክመው ክፍል) ነው። ሦስተኛው በመድኑ ወረፋ መጠበቅ።

የአንድ ዙሩን ዋጋ በዙሩ ብዛት ባባዛው ትክክለኛውን ወጪ አገኛለሁ? የማይነገረን ምን አለ? በግል ጀምረን ገንዘቡ ሲያልቅ ወደ መንግሥት መዞር ይቻላል? የሰበታው ደብተርስ አዲስ አበባ ይሠራል? የምታውቁትን በዝርዝር ንገሩን፣ አደራ።

ኦንኮ_ፋርማሲ

እናታችንን እግዚአብሔር ይማርልን። ስለ መድኃኒቱ እኔ ልመልስ፤ የመድኑን የሚያውቁት ይጨምሩበት።

ማባዛቱ አይሠራም፤ ዙሮቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። በዚህ ዓይነት ካንሰር በብዛት የሚታዘዘው መጀመሪያ ኤሲ የሚባለው ነው። ይኸውም ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ በየ21 ቀኑ 4 ጊዜ። ከዚያ ፓክሊታክሴል ይከተላል፣ ወይ በየ21 ቀኑ 4 ጊዜ ወይ በየሳምንቱ 12 ጊዜ። ሆስፒታሉ "አንድ ዙር" ብሎ የነገራችሁ የኤሲውን ከሆነ የፓክሊታክሴሉ ዋጋ ሌላ ነው። "የየትኛው መድኃኒት ዙር?" ብላችሁ ጠይቁ።

መጠኑን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። ቁመት በሴንቲ ሜትር ሲባዛ በክብደት፣ ሲካፈል ለ3600፣ ከዚያ ካሬ ሥሩ። 160 ሲባዛ በ58 9280 ነው፤ ለ3600 ሲካፈል 2.58፤ ካሬ ሥሩ 1.6 ገደማ። የእናታችን የሰውነት ስፋት 1.6 ካሬ ሜትር ነው ማለት ነው።

ዶክሶሩቢሲን በካሬ ሜትር 60 ሚሊ ግራም ስለሆነ 96 ሚሊ ግራም ይመጣል። ባለ 50 ቫያል (የመድኃኒት ብልቃጥ) ሁለት ይበቃል፣ ለ4 ዙር 8 ቫያል። ሳይክሎፎስፋማይድ በካሬ ሜትር 600 ነው፣ 960 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ባለ 1 ግራሙ አንድ፣ ለ4 ዙር አራት። ፓክሊታክሴል በየ21 ቀኑ ከሆነ በካሬ ሜትር 175 ነው፣ 280 ሚሊ ግራም። ባለ 300 ቫያል ካለ አንድ ይበቃል፤ ከሌለ ሁለት ባለ 100 እና ሦስት ባለ 30 ይገዛል። ባለ 30 ብቻ ያለው ፋርማሲ ግን 10 ቫያል ይሸጥላችኋል፤ ሒሳቡ ሲደመር ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሳምንታዊው በካሬ ሜትር 80 ስለሆነ 128 ሚሊ ግራም ነው፤ አንድ ባለ 100 እና አንድ ባለ 30 ልክ ይመጣል፣ የሚጣል የለም ማለት ይቻላል።

የብር ቁጥር ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። የኬሞ መድኃኒት ከውጭ የሚገባ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ከዶላሩ ጋር ነው የሚሄደው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ዋጋ አራተኛው ዙር ላይ ያሳስታችኋል። ስለዚህ የቫያሉን ቁጥር ያዙና ቢያንስ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ውሰዱ፦ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ፣ ከከነማ ወይም ከቀይ መስቀል ፋርማሲ፣ ከአንድ የግል አስመጪ ጋር ከሚሠራ ፋርማሲ። ፕሮፎርማው ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ የቫያሉ መጠን፣ የአምራቹ ስም፣ የማብቂያ ቀንና ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ይጻፍ። ይህ ያልተጻፈበት ፕሮፎርማ ለማወዳደር አይጠቅምም።

ዙሩ ውስጥ ተደብቀው የሚቀሩት ትናንሾቹ ናቸው። የማስታወክ መከላከያው (ኦንዳንሴትሮንና ዴክሳሜታዞን)፣ ከፓክሊታክሴል በፊት የሚሰጡት የአለርጂ መከላከያዎች፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ)፣ ሳላይን። ፓክሊታክሴል የተለየ ነገር ይፈልጋል። የሚሟሟበት ፈሳሽ ከተራው የፒቪሲ ፕላስቲክ ውስጥ ኬሚካል ስለሚያወጣ ፒቪሲ የሌለው መስመርና 0.22 ማይክሮን ማጣሪያ ያስፈልገዋል። ብዙ ቦታ ይህን "ከውጭ ግዙ" ይሏችኋል፣ ያውም አልጋው ላይ ከተኙ በኋላ። ያኔ ካገኛችሁበት በተገኘው ዋጋ ነው የምትገዙት፤ ከሳምንት በፊት ገዝታችሁ አስቀምጡ።

ነጭ የደም ሴል ከወረደ የሚሰጠው ፊልግራስቲም በአንድ ዙር ለብዙ ቀናት ሊታዘዝ ይችላል። ይህም ከዙሩ ዋጋ ውጪ ነው፣ ሁልጊዜ ባያስፈልግም ገንዘቡ ይያዝለት።

ከሁሉ በላይ ግን ወረቀቱ ላይ የሆርሞንና የኸር2 (ካንሰሩን የሚያሳድግ ፕሮቲን) ውጤት የለም። ኸር2 ፖዘቲቭ ከሆነ ትራስቱዙማብ የሚባል ኸር2ን የሚያጠቃ መድኃኒት ይጨመራል፤ ያኔ ጠቅላላው ሒሳብ ሌላ ይሆናል። እሱን በሌላ መልስ እጽፋለሁ።

ብሎክና_ስላይድ

ከላይ ያለው ወንድሜ የነካውን ልቀጥልበት። ፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ምርመራ) ነው ሥራዬ።

እህቴ፣ ኦፕራሲዮኑ ለዚህ ሳምንት መቀጠሩ ደስ አያሰኝሽ። መጀመሪያ በመርፌ ከተወሰደው ናሙና ላይ ኢስትሮጅን፣ ፕሮጀስትሮንና ኸር2 ይሠራ። ናሙናው ተቀብሮ ያለው ፓራፊን ብሎክ (የሰም ቁራጭ) ውስጥ ነው፤ ብሎኩን ከላቦራቶሪው ፈርመሽ ለመውሰድ ጠይቂ። ምርመራው በሁሉም ላቦራቶሪ አይሠራም፤ ብሎኩን ይዘሽ ወደሚሠራበት ትሄጃለሽ። አዲስ ባዮፕሲ አያስፈልግም፣ ለሁለተኛ ጊዜ እንዳትከፍዪ። ብሎኩን ፀሐይ የሚመታው ቦታ ወይም መኪና ውስጥ አትተዪው፤ ሰም ስለሆነ ይቀልጣል።

ውጤቱ የሚወስነው ብዙ ነው። ኸር2 ፖዘቲቭ ወይም ሦስቱም ኔጋቲቭ ከሆነና እብጠቱ ትልቅ ከሆነ ወይም ብብት ውስጥ ከገባ፣ ኬሞው ከኦፕራሲዮኑ በፊት እንዲሆን ሐኪሞቹ ሊመርጡ ይችላሉ። አስቀድሞ ጡቱ ከወጣ ይህ አማራጭ አይመለስም።

ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው ከባድ ዋጋ የሚከፍልበት፣ ኦፕራሲዮኑ በትንሽ ክሊኒክ ሲሠራ የወጣው ጡት የሚያዝበት መንገድ ነው። ከተማችን ውስጥ ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው፤ ስለዚህ እናንተም ማወቅ አለባችሁ። ሙሉ ጡት በጠባብ ጠርሙስ ተጠቅጥቆ ጥቂት ፎርማሊን ጠብ ተደርጎበት ይመጣል። ፎርማሊን በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚሰርገው። ውጪው ደርቆ መሐሉ፣ ካንሰሩ ያለበት ቦታ፣ ይበሰብሳል። ከዚያ የሆርሞን ምርመራው በሐሰት ኔጋቲቭ ይወጣል፤ ታካሚዋ 5 ዓመት ሊጠቅማት የሚችል ርካሽ ክኒን ሳታገኝ ትቀራለች። በአልኮል ወይም በሳላይን የመጣማ ለምርመራው አይታመንም።

ልክ የሆነው እንዲህ ነው። አፈ ሰፊ ክዳን ያለው ባልዲ፤ 10 በመቶ ፎርማሊን፣ የሥጋውን መጠን 10 እጥፍ ያህል። ገበያ ላይ ያለው ፎርማሊን 37 በመቶ ስለሚሆን አንዱ እጅ በ9 እጅ ውኃ ይቀጠናል፤ በፎስፌት የተመጣጠነው ይሻላል። ከወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ ይነከር፤ ቀዶ ሐኪሙ ወይም ላቦራቶሪው ሥጋውን ከፍሎ ፈሳሹ እንዲገባ ያድርግ። በፎርማሊን ውስጥ የሚቆየው ቢያንስ 6፣ ቢበዛ 72 ሰዓት። ዓርብ ጠዋት ወጥቶ ሰኞ ከሰዓት የሚደርስ ናሙና ከዚህ ያልፋል፤ ስለዚህ ኦፕራሲዮኑ ለዓርብ ከተቀጠረ ቅዳሜ የሚቀበል ላቦራቶሪ መኖሩን አረጋግጡ። ባልዲው ላይ ስም፣ የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ የቱ ጎን እንደሆነ ይጻፍ። ክዳኑ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ፤ ክዳን ይቀያየራል።

ኦፕራሲዮኑን ከመክፈላችሁ በፊት "ፓቶሎጂው በዋጋው ውስጥ ነው? የብብቱ እጢዎችስ?" ብላችሁ ጠይቁ። እጢዎቹ ተቆጥረው ካልተጻፉ ደረጃው አይታወቅም፤ ጨረር ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውም ያከራክራል።

ደብተር_ቁጥር

የጤና መድን ክፍያ ላይ ነው የምሠራው። አራተኛውን ጥያቄ ልመልስ።

ሰበታ በሸገር ከተማ ሥር ነው፤ ስለዚህ ደብተሩ የኦሮሚያ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሆስፒታል በደብተሩ የሚያክመው የእነሱ መድን ከሆስፒታሉ ጋር ውል ካለው ነው። የመጀመሪያ ሥራችሁ ወደተመዘገቡበት የመድን ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ "ለካንሰር ከየትኛው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ጋር ውል አላችሁ?" ማለት ነው። በስልክ የሚነገር መልስ ሲቀያየር አይቻለሁ፤ በአካል ሂዱ።

ከዚያ ሪፈር። ኮዬ ያለው ጤና ጣቢያ ሊጽፍላችሁ አይችልም፤ እሳቸው የእሱ አባል አይደሉም። መነሻው ደብተሩ ላይ የተጻፈው የሰበታ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ካርድ አውጥተው፣ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታሉ ወደ ስፔሻላይዝድ። ሰንሰለቱን ዘልሎ የሄደ ሰው መድኑ ሙሉውን አይሸፍንለትም። የባዮፕሲውን ውጤት ዋናውንና ኮፒውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ውጤት በእጅ ካለ ሪፈሩ ብዙ አያንገላታም። ሪፈር ጽሑፉ ላይ የሐኪም ፊርማ፣ የተቋሙ ክብ ማህተም፣ የደብተር ቁጥርና ቀን መኖሩን እዚያው በሩ ላይ ቆማችሁ አረጋግጡ። ማህተም የጎደለው ወረቀት ከሰበታ ጥቁር አንበሳ ድረስ ሄዶ መመለስ ማለት ነው፣ ለታመመ ሰው ደግሞ ቀላል አይደለም። ጽሑፉ የሚያገለግልበት ጊዜ ስላለው ከቀጠሮው ቀን ጋር አመሳክሩት።

መድኑ የሚከፍለው ሆስፒታሉ ውስጥ ላለ አገልግሎትና መድኃኒት ነው። ችግር የሚመጣው መድኃኒቱ ሲጠፋ ነው፤ ኬሞ ላይ ደግሞ ይጠፋል። ያኔ ታካሚው ማዘዣውን ይዞ በቀጥታ ወደ ግል ፋርማሲ ይሮጣል፤ ያ ደረሰኝ በኋላ አይመለስም። መጀመሪያ ማዘዣው ላይ የሆስፒታሉ ፋርማሲ "የለም" ብሎ ማህተም ያድርግበት፤ ቀጥሎ መድናችሁ ውል ያለው ውጪ ፋርማሲ እንዳለ፣ ለምሳሌ ከነማ፣ ጠይቁ። ውል ካለው እዚያ በደብተሩ ይወጣል። ከሌለው ሌላ ቦታ ብትገዙም ያ ማህተም የተደረገበት ማዘዣና ደረሰኝ ለአቤቱታ ማስረጃ ነው።

ፕራይቬት ዊንግ ላይ ደብተሩ አይሠራም። ሐኪሞቹ አንድ ናቸው፣ ሕንጻው አንድ ነው፣ ግን አገልግሎቱ ከመደበኛ ሰዓት ውጪና በቅዳሜና እሁድ የሚሰጥ የክፍያ አገልግሎት ነው። የግል ሆስፒታልም በተለምዶ ከዚህ መድን ጋር ውል የለውም።

መድን የሌለው፣ መክፈልም የማይችል ካለ ግን በራሱ ወረዳ በኩል የነጻ ሕክምና ደብዳቤ የሚያገኝበት አሠራር አለ። ለእናንተ አያስፈልግም፤ ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ይጠቀምበት።

ኮዬ_ብሎክ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለሁለት ነገር ብቻ ልመለስ። ትራስቱዙማብ የተባለው ለምን ሒሳቡን እንደሚለውጥ ግልጽ አልሆነልኝም። ሁለተኛው፣ የግሉ ሆስፒታል "በተመላላሽ" ይላል፣ አንድ ዘመዳችን ግን "አስተኝተው ካልሰጡ አደጋ ነው" አሉን። የትኛው ነው ልክ?

ኦንኮ_ፋርማሲ

ትራስቱዙማብ በክብደት ነው የሚሰላው። መጀመሪያ በኪሎ 8 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በየ21 ቀኑ በኪሎ 6፣ ለአንድ ዓመት፣ በጠቅላላ 18 ጊዜ። ለ58 ኪሎ የመጀመሪያው 464 ነው፣ ቀሪዎቹ እያንዳንዳቸው 348 ሚሊ ግራም።

ባለ 440 ቫያል ብንወስድ፣ በየጊዜው አንድ ከፍቶ የተረፈውን መጣል 19 ቫያል ይፈጃል። ከባለ 440 ቫያል ጋር የሚመጣው ውኃ ግን ባክቴሪያ መከላከያ ያለበት ነው። በእሱ ከተበጠበጠ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ 28 ቀን ይቆያል። ቀጣዩ ዙር በ21 ቀን ስለሆነ ትራፊው ይደርሳል። ትራፊው ቅድሚያ እየተሰጠው ሲሰላ ዓመቱን በ15 ቫያል ይዘጋል። አራት ቫያል ነው የሚተርፈው፤ ለዚህ መድኃኒት አራት ቫያል የአንድ ቤተሰብ የብዙ ወር ገቢ ነው። በተራ የመርፌ ውኃ ከተበጠበጠ ግን ይህ ሁሉ አይቻልም። ስለዚህ የመሰጫ ቦታውን ስትመርጡ "የተረፈውን በስማቸው ለጥፋችሁ ፍሪጅ ታስቀምጣላችሁ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ?" የሚለው ጥያቄ ከአልጋ ዋጋ ይበልጣል።

መድኃኒቱ ከተገዛ በኋላ ወደ ቤት የምትወስዱት ከሆነ በረዶ ላይ በቀጥታ እንዳታስቀምጡት። ከቀዘቀዘ ጉዳት የለውም የሚል አለ፤ በረዶ ሆኖ ከጠጠረ ግን ፕሮቲኑ ይበላሻል፣ መበላሸቱም በዓይን አይታይም። የበረዶ ከረጢቱን በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ ቫያሉን ከካርቶኑ ሳታወጡ በፔርሙስ ሣጥን ውስጥ አድርጉት። ፍሪጅ በር ላይ አይቀመጥ፣ ፍሪዘሩ ሥር አይጠጋ። በሻንጣ ከውጭ አገር የመጣ ርካሽ ትራስቱዙማብ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ፣ ቀዝቃዛነቱ መጠበቁን ማረጋገጥ ስለማይቻል፣ እኔ አልመክርም።

ሆርሞን ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ ዜናው መልካም ነው። ታሞክሲፈን በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ 5 ዓመት፤ ወደ 1825 ክኒን ማለት ነው፣ ባለ 30 ከሆነ 61 እሽግ። ወርኃዊው ወጪ ትንሽ ነው። በዕድሜያቸው አናስትሮዞል ወይም ሌትሮዞልም ሊታዘዝ ይችላል። የሚጎዳው ዋጋው ሳይሆን መድኃኒቱ ጠፍቶ ወር ሙሉ ማቋረጥ ነው፤ የሦስት ወር በእጃችሁ ይኑር።

ሲስተር_ኬሞ

በተመላላሽ ነው ልኩ። ኤሲ መግባቱ ሁለት ሦስት ሰዓት፣ ፓክሊታክሴል የ21 ቀኑ ራሱ 3 ሰዓት ነው፣ ከዝግጅቱ ጋር ሙሉ ቀን ይዛችኋል፣ ግን ማደር አያስፈልግም። ያለ ምክንያት ማስተኛት አልጋ፣ የሐኪም ዙር፣ የነርሲንግ ክፍያና ዲፖዚት ያስጨምራል። ዘመዳችሁ ያሉት ግን ከባዶ አልተነሳም፤ አደጋው ማደር አለማደሩ ላይ አይደለም፣ ማን ነው የሚሰጠው የሚለው ላይ ነው።

ዶክሶሩቢሲን ቀይ ነው። ከደም ሥር ውጪ ካፈሰሰ ሥጋ ይበላል፤ ቁስሉ በሳምንታት ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ቆዳ መተካት ድረስ ያደርሳል። ስለዚህ የምትጠይቁት፦ ኬሞ የሠለጠነች ሲስተር አለች? ካኑላው በዕለቱ አዲስ ይገባል? ከእጅ ጀርባና ከክንድ መታጠፊያ ይልቅ ክንድ ላይ ይመረጣል? ቀኝ እጃቸውን ተጠቀሙ፤ ኦፕራሲዮኑ በግራ ስለሆነ ብብቱ ከተነካ ግራው ላይ መርፌ እንዳይወጋ። "ያቃጥላል" ካሉ ወዲያው ይቆም፣ ለመናገር እንዳያፍሩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እናቶቻችን "ልጆቹን ላላስቸግር" ብለው ዝም ይላሉ። ከሰጡ በኋላ ሽንት ለአንድ ሁለት ቀን ቀይ ሆኖ ይታያል፣ ደም አይደለም።

ከዶክሶሩቢሲን በፊት ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይሠራ፤ ትራስቱዙማብ ካለ በየሦስት ወሩ ገደማ ይደገማል። ይህንም ወጪ ጻፉት። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ጉበትና ኩላሊት። ኒውትሮፊሉ (አንዱ የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ከ1500 በታች ከሆነ ዙሩ ይራዘማል። ደሙን በቀጠሮው ዕለት ጠዋት ከሰጣችሁ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ከኮዬ የከፈላችሁት መጓጓዣ ባክኖ ትመለሳላችሁ። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት አቅራቢያችሁ ባለ ላቦራቶሪ አሠሩት፤ ሐኪሙ የሚቀበለው ላቦራቶሪ መሆኑን ግን ጠይቁ።

አሁን ትልቁ የተደበቀ ወጪ። ኬሞ በተሰጠ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነጭ ሴል ዝቅ የሚልበት ጊዜ ነው። ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ነው። ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ ጠዋትን አትጠብቁ፤ ትኩሳቱን ይሸፍነዋል፣ ኢንፌክሽኑን አያክምም። በ1 ሰዓት ውስጥ በደም ሥር አንቲባዮቲክ መጀመር አለበት። ከኮዬ በጣም ቅርብ ያለው ትልቅ ድንገተኛ ክፍል ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው፤ መጀመሪያ እዚያ ግቡ፣ "የኬሞ ታካሚ ናቸው" በሉ፣ የመጨረሻው ዙር ቀን የተጻፈበትን ወረቀት አሳዩ። ድንገተኛ ላይ ሪፈር አይጠየቅም። የሌሊት ኮንትራት ታክሲ ገንዘብ ለብቻው ተቀምጦ ይቆይ፤ ቴርሞሜትር ቤት ይኑር። ይህ ጊዜ የተጠበቀ ካልሆነ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሊገባ ይችላል፤ በግል ሆስፒታል የአይሲዩ ቀናት ወጪ ብቻውን ከኬሞው ሁሉ ሊበልጥ ይችላል።

ሳምንታዊው ፓክሊታክሴል በዚህ በኩል ይሻላል፤ ነጭ ሴልን ያን ያህል አያወርድም። ግን 12 ጊዜ ከኮዬ መምጣት ነው፣ ያኛው 4 ጊዜ። አስታማሚው ሥራ የሚቀርበትም ቀን ይቆጠር።

ደብተር_ቁጥር

ሲስተር ያለችውን እደግፋለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ኬሞውን በግል ጀምሮ መሐል ላይ ወደ መንግሥት መዞር ይቻላል፤ ግን ነጻ አይደለም። አዲስ ካርድ፣ አዲስ ቀጠሮ፣ የፓቶሎጂ ስላይድ ዳግም መታየት አለ። በዚያ ወረፋ ዙሩ ይዘገያል። ኦፕራሲዮን ከተደረገ በኋላ ኬሞ ከ90 ቀን በላይ ሲዘገይ ውጤቱ እንደሚቀንስ ይታወቃል። ዙሮቹ መሐል የሚፈጠር ክፍተትም አይጠቅምም። የሚዞር ሰው ከግሉ ሆስፒታል የሕክምና ማጠቃለያ በማህተም ይቀበል፦ የተሰጠው መድኃኒት፣ በሚሊ ግራም ስንት፣ በየትኛው ቀን። ዶክሶሩቢሲን በዕድሜ ልክ የሚወሰድበት ጣሪያ ስላለው ድምሩ ካልታወቀ ሐኪሙ አይቀጥልም።

ለዚህ ነው እኔ የምለው፦ ገንዘባችሁ ለአጭሩና ለሚተላለፈው ነገር ይዋል። የብሎኩ ምርመራ፣ ኤኮ፣ በፕራይቬት ዊንግ ኦንኮሎጂስት ማማከር። እነዚህ ውጤታቸው በወረቀት ወጥቶ የትም ይሄዳል። ኬሞው ግን መጀመሪያውኑ መጨረስ በምትችሉበት ቦታ ይጀመር፤ ያ በመድኑ ከሆነ ሪፈሩን ዛሬ ጀምሩ፣ ውጤት እስኪመጣ አትጠብቁ።

ብሎክና_ስላይድ

በዚህ ላይ ግን አልስማማም፣ ሙሉ በሙሉ። ኦፕራሲዮኑ በመንግሥት ወረፋው ወራት የሚወስድ ከሆነና ሐኪሞቹ "መጀመሪያ ኦፕራሲዮን" ካሉ፣ እሱ ብቻ በፕራይቬት ዊንግ ቢሠራ ያዋጣል። አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፣ ፓቶሎጂውም እዚያው ግቢ ስለሆነ ባልዲ ይዞ መዞር የለም። ኬሞው ከዚያ በደብተሩ ይቀጥላል።

ደብተር_ቁጥር

እሱ ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ። የኦፕራሲዮኑ ሪፖርት ብቻ ዋናው ቅጂ በእጃችሁ ይሁን።

ሲስተር_ኬሞ

ጨረርን ማንም አላነሳም። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማና ሐረርም ተጀምሯል፣ ወረፋው ግን አሁንም ረጅም ነው። እጢዎቹ ውስጥ ካንሰር ከተገኘ ወይም እብጠቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከነበረ ጨረር ሊታዘዝ ይችላል። ኬሞው እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ አጋማሹ ላይ ወደ ጨረር ክፍል ሪፈር አስጽፋችሁ ተመዝገቡ።

ሐኪሙንም ስለ ቁጥሩ ጠይቁት። የቆየው አሰጣጥ በ25 ቀን 50 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው፤ ለጡት 40 ግሬይ በ15 ቀን ተመጣጣኝ ውጤት እንዳለው ተረጋግጧል። ለማሽኑ ወረፋም ይጠቅማል። ለእናንተ ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን ከኮዬ ተነስቶ ቱሉ ዲምቱ፣ ቃሊቲ፣ ለገሃር ድረስ መምጣት 25 ጊዜ ሳይሆን 15 ጊዜ ይሆናል። ለሁሉም ታካሚ አይሆንም፣ ግን ካልተጠየቀ በልማድ 25ቱ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። የተቃጠለ ቆዳ ላይ በእነዚያ ሳምንታት የጨረር ክፍሉ ያልፈቀደው ቅባትና ዲዮዶራንት፣ የሚያጣብቅ ጡት ማስያዣም አይደረግ፤ ጥጥ ቀሚስ ይልበሱ።

ደብተር_ቁጥር

አንድ የረሳሁት። ደብተሩ የሚታደሰው በዓመት በተወሰነ ወቅት ነው፣ የፈለጉ ዕለት አይደለም። ትራስቱዙማብ ካለ ከኬሞውና ከጨረሩ ጋር ሲደመር ከዓመት ያልፋል፤ ባይኖርም እድሳቱ ሕክምናው መሐል ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሰበታ ስትሄዱ ደብተሩ የሚያበቃበትን ቀን አይታችሁ መዋጮውን የሚከፍል ሰው እዚያው ሰፈር ወክሉ። ፎቶው የደበዘዘ ከሆነም በዚያው ጉዞ አስቀይሩት፤ ካርድ ክፍል ፎቶና ፊት ካልተመሳሰለ ይመልሳል፣ ኬሞ ደግሞ ፀጉር ያረግፋል።